ያልፈተንሁት ቤልጅግ

መስከረም 12 ቀን 1949 ዓ.ም.፣ ጎንደር

ገዛሁት። ቤልጅግ ጠብመንጃ ነው፣ አምስት ጎራሽ፣ ሰደፉ ላይ አንዲት ጭረት የለበትም። ከፋንታሁን ሱቅ እስከ አባቴ ቤት በጋቢ ጠቅልዬ ስመጣ ሰው ሁሉ ምን እንደ ያዝሁ ያውቅ ነበር። እኔም እንዲያውቅልኝ ፈልጌ ነው በዋናው መንገድ የዞርሁት።

ፋንታሁን በጠላት ጊዜ በረሃ የነበረ ሰው ነው፤ መሣሪያ የሚሸጠው እያወቀ ነው። "ሐብቴ፣ ቁጭ በልና ላሳይህ" ብሎኝ ነበር። "ይኸ እንደ ውጅግራ አይደለም። ውጅግራ ባንድ ጥይት ነው፤ ተኩሰህ ቀለሁን ከጣልኸው ባዶውን ይቀራል። ይኸ ግን ያንዱን ቀለህ ሲተፋ ሌላውን ይጎርሳል። ሆዱ ውስጥ ያለውን ሁልጊዜ አስብ።"

"ኸረ አውቃለሁ፣ አያ ፋንታሁን" አልሁት። ሱቁ ውስጥ ሁለት ሰዎች ቆመው ነበር። ስምንት ዓመት ሙሉ ከሚስቴ ወንድም ከአድማሴ ጋር ያደንሁ ሰው በሰው ፊት እንደ ፊደል ቆጣሪ ልማር?

አባቴ መሪጌታ ወልደ ገብርኤል ጋቢውን ገልጦ አየና "ብዕሩ አልበቃህ አለ?" ብሎ ወደ ዳዊቱ ተመለሰ።

መስከረም 18፣ አይከል

መስቀልን ወይን ዋሻ፣ በሚስቴ በማሬ አባት ቤት ዋልን። ደመራው ሲለኮስ ሦስት ጊዜ ወደ ሰማይ ተኮስሁ፣ አንዳንድ ጥይት በእጄ እያጎረስሁ። ሴቶቹ እልል አሉ። ወደ ሰማይ ሲተኮስ ኢላማ የሚስት ሰው የለም።

ባለፉት ዓመታት ሁሉ በዚያ ሜዳ ላይ "የፍርድ ቤቱ ጸሐፊ" ነበርሁ። ብርሌ ሲያቀብሉኝ እንኳ እንደ እንግዳ ነበር የሚያቀብሉኝ። ትናንት ግን ቦታ ለቀቁልኝ። የማሬ ታናሽ ወንድም ዳኛው ገና ሃያ ዓመቱ ነው፤ ሰደፉን እየዳሰሰ "እስቲ ልያዘው" አለኝ። "ገና ነህ" አልሁት። ሰዎቹ ሳቁ፤ እሱ ቀላ።

አማቴ አያ አዘዘ ግን አልሳቀም። "ድምፁ ሸጋ ነው" አለ። "ምቱስ?"

ጥቅምት 14

ነብር የአያ አዘዘን ጊደር በላ። አድማሴ ይኸን ሊነግረኝ አይከል ድረስ መጣ። ከቢሮዬ በር ላይ ጦሩን አስደግፎ "ተነሥ፣ ከወንዙ ማዶ ድንጋይ አቁመን መሣሪያህን እንፈትነው" አለኝ።

"በድንጋይ ላይ ጥይት አላጠፋም።"

"የፈራኸው ጥይቱ እንዳያልቅ ነው ወይስ ጎረምሶቹ እንዳይስቁብህ?"

እንዲህ ነው የሚያውቀኝ። በወይን ዋሻ ሰው ኢላማ ሲሞክር መንደሩ ሁሉ ይወጣል፤ አምና ሦስቴ የሳተውን ሰውዬ እስከ ዛሬ "ደመና መች" ይሉታል፣ ልጆቹንም "የደመና መች ልጆች"። ስሜን ላጠፋ ነው እንዴ?

"በማታውቀው በቅሎ ገደል ትወርዳለህ?" አለኝ አድማሴ። "ምነው ታዲያ በማታውቀው መሣሪያ ነብር ትገጥማለህ?"

"ስምንት ዓመት ተኩሻለሁ።"

"በአባቴ ውጅግራ።" ከዚያ በላይ አልተጨቃጨቀኝም። መጨቃጨቅ አይወድም። ጠላ ጠጥተን ሄደ።

ኅዳር 8፣ ቅዳሜ፣ ወይን ዋሻ

ሊነጋ ነው። ነብሩ ትናንት ማታ ጥጃ ወሰደ። ደሙ እስከ ገደሉ አፍ ድረስ ይታያል አሉ። አድማሴ በር ላይ ቆሟል። አምስቱንም አጎረስሁት፤ ሆዱ ሲሞላ ዛሬ የመጀመሪያው ነው። ማሬ ቁርስ ትላለች። ስመለስ። አድማሴ እየጠራኝ ነው።

ኅዳር 9፣ ጎንደር

ባረቀ። ጠብመንጃው ባረቀ። አድማሴ ሆዱን ተመታ።

በቃሬዛ እስከ አይከል፣ ከአይከል በጭነት ማኪና እዚህ። መንገዱን ሁሉ ጭንቅላቱ ጭኔ ላይ ነበር። ውኃ ሲለኝ አልሰጠሁትም፣ ሆዱን ለተመታ አይሰጥም ሲሉ ሰምቼ ነበርና። ሐኪሙ ቀዶ ጥይቱን አወጣለት። ይድናል አላለም፣ ይሞታል አላለም።

ባረቀ። ሌላ የምጽፈው የለኝም።

ኅዳር 11፣ ጎንደር

ፖሊስ ቃል ሊቀበል መጣ። ደህና ሰው ነው፣ ጽሕፈት ግን አይሆንለትም፤ የፍርድ ቤት ጸሐፊ መሆኔን ሲሰማ ወረቀቱን ለእኔ ሰጠኝ። ስለዚህ የአድማሴን ቃል የጻፍሁት እኔ ነኝ። እንዲህ ይላል፦

"ጠብመንጃውን ይዤው የነበርሁት እኔ ራሴ ነኝ። ገደሉን ስወጣ አዳለጠኝና ከእጄ ወድቆ ባረቀ። በማንም ላይ ክስ የለኝም።"

እያንዳንዱን ቃል ቀስ ብሎ ነው የተናገረው፣ እኔ እንድደርስበት። ጽሕፈቴ አላዛነፈም። በሥራዬ ከጻፍኋቸው ቃሎች ሁሉ የጠራው ይኸ ነው። አውራ ጣቱን ቀለም አስነክቼ አስፈረምሁት።

ፖሊሱ ሲወጣ አድማሴ "ወንድሜ ዳኛው ደሙ ትኩስ ነው" አለኝ። "ማሬም እህቴ ናት። ባንድ ቤት ሁለት ሐዘን አይሁን።" እኔ ምን አልሁ? "አይዞህ፣ ትድናለህ" አልሁ። ሌላ ቃል ስፈልግ ተኛ።

ከሰዓት ማሬ ቁስሉን ስታጥብለት ቀኝ መዳፉን ገልብጣ አየችው። "መዳፉ ምነው ተቃጠለ?"

"ባሩድ ነው።"

"ባሩድስ ከአፈሙዝ ነው የሚወጣ። ይዞት ከነበረ እጁ ወደ ቃታው ነው እንጂ ከአፈሙዙ ምን ወሰደው?"

ወንድሞቿ መሣሪያ ሲወለውሉ እያየች ያደገች ሴት ናት። ሲወድቅ ሊይዘው ሞክሮ ይሆናል አልኋት። ጨርቁን ጨመቀችና እጁን ጠቀለለችለት። ደግማ አልጠየቀችኝም።

ኅዳር 14

አተኮሰው። ሆዱ ጠጠረ። እኔን አይቶ አላወቀኝም፤ ከዚያ ደግሞ አወቀኝና ፈገግ አለ። ባያውቀኝ ይሻለኝ ነበር።

ኅዳር 17

ጧት ሞተ።

ኅዳር 18፣ ወይን ዋሻ

ቀበርነው። ለቀስተኛው ሁሉ እኔን ያጽናናል። "ጓዱን ያጣ" ይሉኛል፣ "እግዜር ያጥናህ" ይሉኛል። እኔም አሜን እላለሁ። ስንት አሜን እንዳልሁ አላውቅም፤ አንዱም የእኔ አልነበረም።

ማታ አያ አዘዘ ጠብመንጃውን ከጥግ አነሣ። ሰማንያ ሊሞላው ጥቂት የቀረው ሰው ነው፣ መሣሪያ ሲይዝ ግን እጁ አይስትም። ማጎረሻ ብረቱን ወደ ኋላ ሳበ፣ የቆየውን ቀለህ ጣለ፣ ከዚያ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ጥይት አወጣ። ሦስቱን በኩታው ጫፍ ቋጠራቸው። ቀና ብሎ አላየኝም።

ዳኛው ግን አየኝ። "ነብሩን የተኮሰው ማን ነው?"

"እኔ ነኝ።"

"ታዲያ አድማሴ እጅ እንዴት ገባ?"

"ከተኮስሁ በኋላ ያዝልኝ ብዬ ሰጠሁት።"

"ጦሩንስ ማን ያዘለት?" አለ። ሴቶቹ ሙሾ ጀመሩና ድምፁ ጠፋ። ሙሾውን አመሰገንሁ። እንዲህ ያለ ሰው ሆኛለሁ።

ታኅሣሥ 9፣ አይከል

ሥራ በዝቷል። የድንበር ክርክር፣ የበሬ ስርቆት። እጄ ይጽፋል።

ጠላ ቤት ልገባ ስል ከውስጥ አንዱ "የብዕር ጣት ቃታ ላይ ምን ይሠራል?" ሲል ሰማሁ። ገባሁ። አንዱ ተነሥቶ ቦታ ለቀቀልኝ። ጠጥቼ ወጣሁ፤ ሳልጠጣ ብወጣ ደግሞ ሌላ ይሉኛል።

ማሬ ከእኔ ጋር ትበላለች። ትናገራለች። ስለ ልጆቹ፣ ስለ ጨው፣ ስለ ማገዶ። ስለ ወንድሟ አንድ ቃል አትተነፍስም።

ታኅሣሥ 20፣ ጎንደር፣ አባቴ ቤት

ዳኛው ሽማግሌ ላከብኝ። በአርባው ቀን፣ ከፍትሐቱ በኋላ፣ በወይን ዋሻ ሚካኤል በር ላይ እጄን አንሥቼ እንድምልለት ይፈልጋል። "ጠብመንጃው በእጄ አልነበረም፣ ደሙ የለብኝም" ብዬ። ከማልሁ ነገሩ ያበቃል፤ በዚያ አገር በቤተ ክርስቲያን በር ከተማለ ወዲያ የሚጠይቅ የለም። ካልማልሁ ደግሞ መልሱ ተሰጠ ማለት ነው።

ለአባቴ ነገርሁት፣ የመሐላውን ብቻ። "ከማልህ በኋላ እዚህ ቤት ትመጣለህ?" አለኝ። ምን ለማለት እንደ ፈለገ አልጠየቅሁትም። "ኢትምሐል በሐሰት፣ በሐሰት አትማል" አለና መቋሚያውን ይዞ ወደ ማሕሌት ሄደ። እኔ የካህን ልጅ ነኝ። በዚያ በር ላይ በሐሰት የማለ ሰው ምን እንደሚሆን ከእናት ጡት ጋር የጠባሁት ነው።

ቤቱ ውስጥ ብቻዬን ነኝ። እንግዲህ አንድ ጊዜ ልጻፈው።

ነብሩን ከገደሉ ሥር ጥጃው ላይ ተኝቶ አገኘነው። ተኮስሁ። ከጀርባው በላይ ድንጋዩ ጨሰ፤ ለካ ወደ ላይ ነው የሚመታው። በድንጋይ ላይ ፈትኜው ቢሆን ባንድ ጥይት የማውቀው ነገር ነበር። ነብሩ ሽቅብ በሌላው ፊት አመለጠ። እኔ ብረቱን ሳብሁ፣ ቀለሁ ወደቀ፣ መልሼ ገፋሁት። ሳላስብ። በውጅግራ ሺህ ጊዜ እንዲህ አድርጌአለሁ፤ ውጅግራ ከዚያ በኋላ እንጨት ነው። እጄ ያንኑ የለመደውን አደረገ። ፋንታሁን የነገረኝ ከጆሮዬ አልገባም ነበር፤ "አውቃለሁ" ያለ ሰው ጆሮ የለውም።

ነብሩን ልንከተል ገደሉን ወጣን። እኔ ቀደምሁ። አንዲት ለስላሳ ድንጋይ አለች፣ ሁልጊዜ አንዱ ሌላውን የሚስብባት። ሰደፉን ይዤ አፈሙዙን ወደ ታች ዘረጋሁለት። ስምንት ዓመት እንዲህ ነው የወጣነው፤ አንድ ቀን እሱ ለእኔ፣ አንድ ቀን እኔ ለእሱ። ጦሩን በግራው ይዞ በቀኙ አፈሙዙን ጨበጠ። ክብደቱ ሲጎትተኝ እጄ ተንሸራተተና ጣቴ ቃታው ላይ አረፈ።

አልጮኸም። ቀና ብሎ አየኝና "ምነው፣ ሐብቴ?" አለኝ። ያለ ነገሩ እንደ ሰደብሁት፣ ቅር እንዳለው። ከዚያ ቁጭ አለ።

ጻፍሁት። ቀለል ይለኛል ብዬ ነበር፣ ምንም አልቀለለኝም። የገደልሁት እኔ ነኝ፤ ጥፋቱ የነብሩ አይደለም፣ የድንጋዩም አይደለም። አንድ ጧት ሊስቁብኝ ይችሉ ነበር፤ እንዳይስቁብኝ ብዬ ገደልሁት።

ታኅሣሥ 23

እምላለሁ። ሁለት ልጆች አሉኝ። እምላለሁ።

ታኅሣሥ 24

አልምልም።

ታኅሣሥ 26፣ አይከል

ፍትሐቱ አለቀ። ሽማግሌዎቹ በበሩ ግራና ቀኝ ቆሙ። ዳኛው ፊት ለፊቴ። ቄሱ መስቀሉን አወጡ። እጄን አነሣሁ፤ ልምል ነው ያነሣሁት፣ እዚህ ላይ አልዋሽም። አፌን ስከፍት አያ አዘዘ ከሕዝቡ መካከል ተነሣ።

"ተውት" አለ። "ልጄ በአንደበቱ ተናግሮ ሞቷል። በሙት ቃል ላይ መሐላ አልጭንም።"

"አባባ!" አለ ዳኛው።

"ተወው ብያለሁ። ደሙ የእኔ ነው፤ እኔ አልጠይቅም።"

የአባት ቃል ነውና ሽማግሌዎቹ ተነሡ። ደስ አለኝ። ደስ ማለቴንም መጻፍ አለብኝ። አያ አዘዘ በአጠገቤ ሲያልፍ ላመሰግነው ጎንበስ አልሁ፤ ሳያየኝ አለፈ። ያን ጊዜ ሦስቱ ጥይቶች ትዝ አሉኝ፤ ቀለሁም። አንድ ለነብሩ፣ አንድ ደግሞ ከዚያ በኋላ። መሣሪያ የሚያውቅ ሰው ብረቱ ካልተሳበ ሁለተኛው እንደማይገባ ያውቃል፤ ብረቱን የሚስበውም የተኮሰው ሰው ነው። ከመጀመሪያዋ ማታ ጀምሮ ያውቅ ነበር ማለት ነው።

እቤት ስንደርስ ማሬ "ልትምል ነበር?" አለችኝ።

ጋቢዬን አውልቄ አጠፍሁ።

"እጅህን አንሥተህ ነበር። አይቼሃለሁ።" መኝታዋን አንሥታ ከልጆቹ ዘንድ አነጠፈች።

ጥር 12፣ ጎንደር

ለጥምቀት አባቴ ጋ መጣሁ፣ ወደ ቀሐ፣ ወደ ጥምቀተ ባሕሩ ወረድሁ። ታቦታቱ ሲነሡ ጠብመንጃው ተንጣጣ። የሰው ልጅ ሁሉ ወደ ሰማይ ይተኩሳል፣ ሁሉም ጀግና ነው። ከሕዝቡ ወጥቼ ከግንቡ ጥግ ጆሮዬን ይዤ ቁጭ አልሁ። አንዲት የማላውቃት ሴትዮ ጠበል ረጨችብኝ፣ ዛር የያዘኝ መስሏት። የያዘኝስ ምን ነው?

ጥር 17፣ ወይን ዋሻ

አያ አዘዘ አስጠራኝ። ደጅ ላይ፣ ፀሐይ እየሞቀ ተቀምጧል። ጠብመንጃው ጭኑ ላይ ነው፣ ተወልውሏል።

"ይኸ ለዳኛው ነው" አለ።

"ይገባዋል፣ አያ አዘዘ። ደስ ብሎኝ ነው የምሰጠው።"

"ስጠው አላልሁህም። አስተምረው።"

"እርስዎ ያስተምሩት እንጂ። ከእርስዎ የተሻለ ማን ያውቃል?"

"እኔ ውጅግራ ነው የማውቅ። ለአድማሴ አስተማርሁ፤ አድማሴ ላንተ አስተማረ። የሆነውን አየን።" ሳል ያዘው፤ እስኪለቀው ጠበቅሁ። "አንድ ወንድ ልጅ ነው የቀረኝ። እሱም እንዳንተው 'አውቃለሁ' ባይ ነው። ይኸን መሣሪያ እንዳንተ አምርሮ የሚያውቅ በዚህ አገር የለም። ደብቀህ ብታስተምረው እሱም አንድ ቀን ሰው ይገድልብኛል። ሁሉን አሳየው።"

"ሁሉን ካሳየሁት የሆነው ይገባዋል።"

"ይገባዋል" አለ። የኩታውን ቋጠሮ ፈታና ሦስቱን ጥይቶች መዳፌ ላይ አኖራቸው። "ከዚያ ወዲያ ያለው የእናንተ ነው። እኔ ደክሞኛል።"

ጥር 20፣ አይከል

ትናንት እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ከአያ አዘዘ ቤት በታች ባለው የታጨደ የጤፍ ማሳ ላይ ተቀመጥን፤ እኔና ዳኛው፣ ጠብመንጃው በመካከላችን። አባቱ ስላዘዘው ነው የመጣው። ወደ እኔ አያይም ነበር።

በባዶው ጀመርሁ። አፈሙዙን ወደ ሰው እንዳያዞር፣ ጣቱን ከቃታው ውጭ እንዲያኖር። ሰደፉ ትከሻ ላይ እንዴት እንደሚያርፍ። ተጠንቅቄ ነው ያስተማርሁት። በሕይወቴ አንድ ነገር በደንብ ሠርቼ ከሆነ ይኸን ነው።

ቀጥዬ ሦስቱን አጎረስሁት። "ተኩሰሃል እንበል። ትስባለህ፣ ቀለሁ ይወድቃል። ስትገፋው ሌላው ከሆዱ ይነሣና ይገባል። ባዶ ነው ብለህ አታስብ። ዓይንህን አስገብተህ እየው፣ ጣትህን አስገብተህ ዳስሰው። ከዚያም በኋላ ቢሆን ባዶ ነው አትበል።"

ደጋግሞ አደረገው፤ ሦስቱን እያስወጣ፣ መልሶ እያስገባ። እጁ ፈጣን ነው። በአራተኛው ጊዜ ቆመ።

"ውጅግራስ ሲስቡት?"

"ባዶውን ይቀራል።"

"አንተ የለመድኸው ውጅግራ ነው።"

"አዎ።"

"ነብሩን ከተኮስህ በኋላ ስበኸዋል።"

"አዎ።"

"አድማሴ አልያዘውም።"

"አፈሙዙን ነው የያዘው። ልስበው ዘርግቼለት።"

ማሳው ላይ ወፎች ነበሩ፤ እነሱን ያይ ነበር። ይመታኛል ብዬ ጠበቅሁ። ቢመታኝ እወድ ነበር። እጁን አላነሣም። ብረቱን ገፋውና አንደኛዋ ጥይት ገባች።

"ቀጥል" አለኝ። "ኢላማው ቀርቷል።"

ተነሥቼ ሠላሳ እርምጃ ቆጥሬ ድንጋይ በድንጋይ ላይ አቆምሁለት። ከፊቱ እየሄድሁ ጀርባዬን ሰጥቼው ነበር። ተመልሼ አጠገቡ ተንበረከክሁ። "ወደ ላይ ይመታል" አልሁት። "ከምትፈልገው አንድ ስንዝር ዝቅ አድርገህ ያዝ። ትንፋሽህን አውጣ። ቃታውን አትንጠቀው፣ ጭመቀው።"

ተኮሰ። የላይኛው ድንጋይ ሁለት ሆነ። ቀለሁን ጣለ፣ ዓይኑን አስገብቶ አየ፣ በጣቱ ዳሰሰ። እንዳስተማርሁት።

"ሸጋ ነው" አልሁት።

ጠብመንጃውን አንግቶ ቆመ። "እህቴንና ልጆቹን ወደ አባባ ቤት ላካቸው" አለኝ፤ ድምፁ ቁጣ አልነበረበትም። "እነሱ አንተ ዘንድ እያሉ አልመጣም።"

ዛሬ ጧት ለማሬ ነገርኋት። ለምን ብላ አልጠየቀችኝም። ዕቃዋን በበቅሎ ጫነች፣ ትንሿን አዘለች፣ እስከ ዋናው መንገድ ሸኘኋቸው። ከቀትር በኋላ ቢሮ ገብቼ የቀሩኝን መዝገቦች ጨርሼ ለሚተካኝ ሰው እንዲቀል በየስማቸው ደረደርኋቸው። አሁን እቤት ነኝ፣ ገና አልመሸም። በሩን አልቀረቀርሁትም።